መጠነኛ ዝንባሌ

ሁል፣ እንግሊዝ
ኦክቶበር 14 ቀን 2016

ይድረስ ለአያቴ እኅት፣ ለአክስቴ ሄስተር፣
ፀሐይ በነጻ ወደሚታደልበት አገር ወደ ፖርቱጋል

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ደረጃውን መውጣት ቻለ? ባለቤትዎ አርሚንዶስ ደኅና ናቸው? እኛ አለን። እናቴ ሰላም ትልዎታለች፤ ዝናቡም ሰላም ይልዎታል፣ እርስዎ ከሄዱ ጀምሮ አላቋረጠም። አያቴ ዎልት ካረፈ ወዲህ አንድ መስመር እንኳ ሳልጽፍልዎት ሁለት ዓመት አለፈኝ። ይቅር ይበሉኝ።

የቸገረው ሰው ነውና ደብዳቤ የሚጽፈው፣ ነገሩን ሳላድበሰብስ ልናገር። ነርስ ለመሆን እየተማርኩ ሁለተኛ ዓመት ላይ ደርሻለሁ። ከታማሚ አልጋ አጠገብ ስሆን ማንም አያክለኝም፤ ወረቀት ፊት ስቀመጥ ግን ፊደሎቹ እንደ ልማዳቸው ይራወጡብኛል። የመድኃኒት ትምህርቱን የጽሑፍ ፈተና ወድቄአለሁ። ድጋሚው ሜይ 8 ነው። እሱን ከወደቅኩ ከትምህርቱ እሰናበታለሁ፤ ሦስተኛ ዕድል የሚባል ነገር የለም።

እንደኔ ዲስሌክሲያ ይዞት ማንበብና መጻፍ ለሚያስቸግረው ተማሪ መንግሥት የሚሰጠው የድጋፍ ገንዘብ አለ። መጽሐፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ኮምፒውተር ይገዛል፤ በሳምንት አንድ ቀን የሚያግዝ አስተማሪ ይቀጥራል። ዩኒቨርሲቲውም ፈተና ላይ ሰዓት የሚጨምረው በዚያው ማስረጃ ነው። የድጋፍ ገንዘቡ ቢሮ ሰዎች ማስረጃ አምጪ ሲሉኝ ሳቅሁ፤ አለኝ እኮ! ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ፣ ያኔ ንባብ የሚያስቸግራቸውን ልጆች ያስተምሩና ይመረምሩ ስለነበር፣ እርስዎ ራስዎ መርምረውኝ የጻፉት አሥራ አንድ ገጽ ሪፖርት በእናቴ መሳቢያ ውስጥ ከልደት የምስክር ወረቀቴ ጋር ተቀምጧል። ላክሁላቸው።

ከአምስት ሳምንት በኋላ መለሱት። አንደኛ፣ ምርመራው አሥራ ስድስት ዓመት ከሞላኝ በኋላ መደረግ ነበረበት አሉ። እሱስ ይሁን። ሁለተኛው ነው የገረመኝ። እርስዎ መደምደሚያው ላይ «ኪርስቲ ወደ ዲስሌክሲያ መጠነኛ ዝንባሌ ታሳያለች» ብለው ጽፈዋል። ዝንባሌ የምርመራ ውጤት አይደለም አሉ። እናቴ ይሄን ስትሰማ «ዝንባሌማ ለስዕል ነው፣ ለመዝሙር ነው» ብላ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

ስለዚህ አክስቴ፣ እባክዎ አዲስ ወረቀት ይጻፉልኝ። ሦስት ቃል ይበቃኛል፤ «ኪርስቲ ዲስሌክሲያ አለባት»።

በጉጉት የምትጠብቅዎ፣
ኪርስቲ ስታዘር


ታቪራ፣ ፖርቱጋል
ኖቬምበር 9 ቀን 2016

ለወንድሜ የልጅ ልጅ ለኪርስቲ፣

የሁል ንፋስ አጥንትሽን ሳያገኘው ክረምቱን ያሻግርሽ። ደብዳቤሽ ሲደርስ አርሚንዶ ጣራ ላይ ወጥቶ ክዳኑን ሲጠግን ነበር፤ በደስታ ጠርቼው ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ጉልበቴን ስለጠየቅሽ፣ ትንሽ ያስቸግረኛል። ሎሚው ዘንድሮ በጣም አፍርቷል፤ የሚበላው ጠፋ።

ልጄ፣ እንደ ድሮው አረንጓዴ እርሳሴን ይዤ ነበር ለማንበብ የተቀመጥኩት። አንዲት ስህተት ፈልጌ አጣሁ! ሁለት ገጽ ሙሉ! ልጅ ሳለሽ የጻፍሽልኝን ሁሉ አርሜ እመልስልሽ የነበረው ፍሬ አፍርቷል ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር እንዲህ የምትጽፍ ሰው ምን ምርመራ ያስፈልጋታል ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።

ሪፖርቱ ከተጻፈ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ያኔ የነበረኝ የሙያ ፈቃድም ካለፈበት ቆይቷል፤ አሁን የምጽፈው ለማንም አይበጅም። ቃሉን በተመለከተ፣ ያኔ እንዲህ ነበር የሚጻፈው። ከመምህራንሽ ጋር ተነጋገሪ።

እናትሽ እንዴት ናት? ጥርሷን አስነቀለች? የሁል ባዛር መቼም አልፏል፤ እዚያ የሚሸጠው ተጠቅልሎ የሚጠበሰው የዝንጅብል ብስኩት ከተገኘ አንድ ቆርቆሮ ላኪልኝ። ሻይም አትርሺ፤ የዚህ አገር ሻይ የታጠበ ካልሲ ውሃ ነው።

አክስትሽ ሄስተር


ሁል
ኖቬምበር 17 ቀን 2016

ይድረስ ለአክስቴ ሄስተር፣

ሰላምታዬ እንደወትሮው ይድረስዎ፤ ጉልበትዎን እግዜር ይማርልዎ። ሻዩንና ብስኩቱን ለብቻ ልኬአለሁ። አሁን ግን ተናድጃለሁና ይስሙኝ።

የተመሰገንኩበትን ደብዳቤ እኔ አልጻፍኩትም። ስልኬ ነው የጻፈው። እኔ አወራለሁ፣ እሱ ይጽፋል፣ ከዚያ መልሶ ያነብልኛል፣ እናቴ ሥራ ቦታዋ አትማ ታመጣዋለች። ይሄኛውም እንደዚያው ነው። የእርስዎንም ደብዳቤ ፎቶ አንስቼ ያነበበልኝ ስልኬ ነው። አረንጓዴ እርሳስዎ ምንም ፍሬ አላፈራም። ያርሙልኝ የነበሩትን ደብዳቤዎች ከፍቼ አላያቸውም ነበር፤ ፖስታው ሲመጣ ከአልጋዬ ሥር ነበር የምወረውረው። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ መጻፍ ያቆምኩት ለምን መሰልዎት?

ፈተና ውስጥ ስልክ አይገባም። መድኃኒት ክፍል ውስጥም አይገባም።

ለቢሮው ደወልኩ። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ካሰሙኝ በኋላ አንዲት ልጅ አነሳች።

«የኔ እመቤት፣ ዝንባሌ ማለት አለብሽ ማለት ነው ወይስ የለብሽም?» አለችኝ።

«አለብኝ ማለት ነው።»

«ታዲያ ለምን አለባት አላለም?»

«የጻፉት የአያቴ እኅት ናቸው። የሁል ሰው ናቸው። እኛ እንዲህ ነው የምንናገረው።»

«እኔ የጎረቤታችሁ የሊድስ ሰው ነኝ» አለችና ሳቀች፤ «ይገባኛል የኔ ፍቅር፤ ቅጹ ግን የየትም አገር ሰው አይደለም።»

አያዩም አክስቴ? በ2007 ጎርፉ ሳሎናችን ሲገባ አያቴ ሶፋው ላይ ቆሞ «ትንሽ እርጥበት አለ» ያለው ትዝ ይልዎታል? እኛ ስንስቅበት የኖርንበት አመል ነው አሁን እኔን ከትምህርት ሊያስወጣኝ የደረሰው። ፈቃድዎ ማለፉን አውቃለሁ። ግን ያኔ ዝንባሌ ያሉት ምን ለማለት እንደነበር በሁለት መስመር ቢጽፉልኝ ምን ይጎዳዎታል?

ኪርስቲ

እናቴ ጥርሷን አስነቅላለች። ሁለቱንም።


ታቪራ
ጃንዋሪ 20 ቀን 2017

ለኪርስቲ፣

አዲሱ ዓመት የልብሽን ያድርስልሽ። መልሴ የዘገየው በገና ምክንያት ነው፤ ፖስታውም እንደምታውቂው ነው። ብስኩቱ ተሰባብሮ ነው የደረሰው፤ ቢሆንም በማንኪያ በልተን ጨረስነው።

በጠየቅሽው መሠረት አንድ ማብራሪያ አዘጋጅቼ ፈርሜበታለሁ። እነሆ፦

«ለሚመለከተው ሁሉ፦ ኪርስቲ ስታዘር በልጅነቷ ከንባብ ጋር በተያያዘ አንዳንድ ችግሮች አልነበሩባትም ብሎ መደምደም ሙሉ በሙሉ ተገቢ ላይሆን እንደሚችል ለመግለጽ እወዳለሁ።»

እንደሚረዳሽ ተስፋ አደርጋለሁ። የእናትሽን የጥርስ ነገር ስሰማ አዘንኩ።

አክስትሽ ሄስተር


ሁል
ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2017

ይድረስ ለአክስቴ ሄስተር፣

ለርስዎም ለአርሚንዶም ጤና ይብዛላችሁ።

ማብራሪያዎን ስልኬ አራት ጊዜ አነበበልኝ። በሦስተኛው እሱም ግራ የገባው መሰለኝ። እናቴን «ምን ማለት ነው?» ብላት፣ «እኔ እንጃ፣ ግን በጣም ጨዋ ነው» አለችኝ። አልሸሹም ዞር አሉ አሉ! ለቢሮው አልላክሁትም። ሰው ይስቅብኛል።

አንድ ደኅና ወሬ አለ። ዩኒቨርሲቲው ፈቃድ ያላት መርማሪ ቀጥሮልኛል። ተራው ረጅም ስለሆነ ቀጠሮዬ ማርች 23 ነው። ለሦስት ሰዓት ያህል ትመረምረኛለች፤ ከዚያ ሪፖርቱን ለመጻፍ ሳምንታት ትፈልጋለች። ከሜይ 8 በፊት ይደርሳል አይደርስም የሚለውን ማሰብ ትቻለሁ። የድጋፍ ገንዘብ የሚባለው ነገር እስካሁን ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ከቀጠሮው በፊት የሚሞላ ቅጽ ሰጡኝ። ሁሉንም ሞልተናል፤ አንድ ጥያቄ ቀርቷል፤ «ከቤተሰቡ ውስጥ የማንበብ ወይም የመጻፍ ችግር ያለበት ሰው አለ ወይ?» ይላል። በዘር የሚወረስ ስለሆነ ትልቅ ነገር ነው አለችኝ መርማሪዋ በስልክ፤ በተለይ የድሮው ሪፖርት ደካማ ሲሆን። የድሮው ላይ እርስዎ «የለም» ብለዋል። እናቴም የለም ትላለች፤ «አባቴ በየማለዳው ጋዜጣ ይዞ ነበር የሚቀመጠው፤ ሲያስነጥሰው እንኳ አያስቀምጠውም» አለችኝ። አያቴ አሥራ አምስት ዓመቱ ላይ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ዓሣ አጥማጅ መርከብ ላይ እንደተሳፈረ አውቃለሁ። ሌላ የማውቀው የለኝም።

ከርስዎ በቀር በሕይወት ያለ የዚያ ዘመን ሰው የለንም። ማን ነበር? የሆነ ሰው መኖር አለበት። ከሰማይ አልወረደብኝም።

ኪርስቲ


ታቪራ
ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2017

ለኪርስቲ፣

በቤተሰባችን ማንም የለም። ቅጹ ላይ የለም ብለሽ ጻፊ።

የሞተን ሰው ዕቃ መቆፈር ለማንም አይበጅም። ከመርማሪዋ ጋር መልካም ቀን ይሁንልሽ። ሻይ መላክ አያስፈልግም፤ እዚህ አግኝተናል።

ሄስተር


ሁል
ማርች 5 ቀን 2017

ይድረስ ለአክስቴ ሄስተር፣

ሰላምታ እንዴት እንደምጀምር አላወቅሁም፤ ስለዚህ ልለፈው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው የተጫወቱብኝ።

ዕቃ ቆፍሪ ያለኝ ሰው አልነበረም፤ አትቆፍሪ ሲሉኝ ነው የቆፈርኩት። እናቴ የአያቴን የመነጽር ቤት ማስታወሻ ብላ አስቀምጣዋለች። ያን መነጽር ያስታውሱታል? ዕድሜውን ሙሉ የጠፋበትን መነጽር? ባንክ ሲሄድ ይጠፋበታል፣ ሐኪም ቤት ይጠፋበታል፣ ትምህርት ቤቴ ወረቀት ሲልክለት ይጠፋበታል። ቅዳሜ ቅዳሜ «ነይ እስቲ፣ መነጽሬን አጣሁት፣ የራግቢውን ውጤት አንብቢልኝ» ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ማንበብ የማልችል፣ አፈርኩና ዝም ብዬ ከራሴ እየፈጠርኩ አነብለት ነበር። ሃያ ለአሥራ ስድስት አሸነፍን፣ ሠላሳ ለስምንት አሸነፍን። በየሳምንቱ እናሸንፋለን። እሱ ራሱን ይነቀንቅና «ጎበዝ፣ አሪፍ አንባቢ ነሽ» ይለኛል። ለአሥር ዓመት ያህል እኔ እያታለልኩት ይመስለኝ ነበር።

የመነጽሩን ቤት ከፈትኩት። መነጽር የለበትም። አራት ቦታ የታጠፈ ፖስት ካርድ አለበት። ፊቱ የበረዶ ተራራ ነው፤ ትሮምሶ፣ ኖርዌይ ይላል፤ ማኅተሙ 1961። ለርስዎ ነው የተጻፈው። እናቴ እያለቀሰች ያነበበችልኝን ልክ እንዳለው እንድትገለብጥልኝ አድርጌአለሁ፦

«ሄሰትር እኅቴ ደኅና ንኝ። ሞተሩ ተብላሽቶ እዚህ ገባን። ይብርዳል። አንቺ ጎብዝ ተማሪ ንሽ። አርብ ሁል እንግባለን። ወድብ ትመጪያልሽ?»

በላዩ ላይ ደግሞ አረንጓዴ እርሳስ። የተሳሳተው ፊደል ሁሉ ተከብቧል። ከታች በሚያምር የተማሪ ጽሕፈት፣ «ከአሥር አራት። እንደገና ጻፍ» ይላል።

አልሳደብም። እናቴ አትሳደቢ ብላኛለች። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ ሄዱ? አርብ ወደብ ሄደው ነበር?

ቅጂውን ልኬአለሁ። ዋናው እዚህ ይቀመጣል።

ኪርስቲ


ታቪራ
ማርች 11 ቀን 2017
በፈጣን ፖስታ

የኔ ልጅ ኪርስቲ፣

አልሄድኩም።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ከመንገዳችን ልጆች ጥሩው ትምህርት ቤት የገባሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አዲስ ኮፍያና አዲስ አነጋገር ነበረኝ። ካርዱ ሲመጣ በሩ ላይ ጓደኛዬ አብራኝ ነበረች፤ አይታ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ እርሳሴን አወጣሁ። ያረምኩትን በእናታችን እጅ መለስኩለት። ትምህርት የሚሰጥ ታላቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አርብ ዕለት ሌሎች እኅቶችና ሚስቶች መርከቡን ሲቀበሉ እኔ ቤት ተቀምጬ የቤት ሥራ ሠራሁ።

ስለ ካርዱ አንድም ቀን አላነሳብኝም። ከዚያ በኋላ ግን አንድም ፊደል ጽፎልኝ አያውቅም። ሃምሳ ሦስት ዓመት። ሠርጌ ላይ የመልካም ምኞት ካርዱን የፈረመችው ሚስቱ አይቪ ናት፤ ጋዜጣውንም በየማለዳው ከቁርስ በፊት ታነብለት የነበረችው እሷ ናት፤ ከዚያ ነው ይዞት የሚቀመጠው። የትሮምሶውን ካርድ አቃጥሎታል ብዬ ነበር የማስበው። የመነጽር ቤት ውስጥ! ትናንት ቀኑን ሙሉ ይህን ሳስብ ዋልኩ። አርሚንዶ ታመምሽ ወይ ብሎ ሐኪም ሊጠራ ነበር።

አሁን የሪፖርትሽን ነገር ልንገርሽ። አንቺን የመረመርኩ ዕለት ነገሩ ግልጽ ነበር። ገጽ ሰባት ላይ ነጥቦችሽ አሉ፤ ከመቶ የዕድሜ እኩዮችሽ ዘጠና ስምንቱ ይበልጡሽ ነበር። ጀማሪ እንኳ አይሳሳተውም። እሑድ ዕለት ዎልት ቤቴ መጣ። ቆቡን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆመ።

«ያን ቃል አትጻፊባት» አለኝ።

«ዎልት፣ የሕክምና ቃል እኮ ነው። ስድብ አይደለም።»

«እኔም ላይ ትምህርት ቤት ሳለሁ አንድ ቃል ጽፈውብኝ ነበር። ደደብ ብለው ከምድጃው አጠገብ አራት ዓመት አስቀመጡኝ፤ ከሰል ስጨምር ኖርኩ። ትንሽ አለባት በይ። ሄስ፣ ትንሽ ብቻ በይ። ስለኔም ከጠየቁ ምንም አትበይ።»

በሕይወቱ ከኔ የለመነው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያውን ታውቂዋለሽ። ሁለተኛውን እንዴት እምቢ ልበለው? ትንሽ አልኩ። መጠነኛ አልኩ፣ ዝንባሌ አልኩ። ቅጹ ስለ ቤተሰቡ ሲጠይቅ የለም አልኩ። ያንን ካርድ የካስኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር የፈረምኩት። የሱን ዕዳ በአንቺ ወረቀት ከፈልኩ። እሱም እኔም ከማፈር በቀር ምንም አላሰብንም፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ባዶ እጅሽን ቢሮ ፊት እንደምትቆሚ አልታየንም።

የደብዳቤሽን መልስ የማዘገየው በፖስታ ምክንያት አይደለም። ፖስታው አምስት ቀን ነው የሚፈጀው። ዕድሜዬን ሙሉ የፊደል አስተማሪ ሆኜ ሳለ ይህን አንድ ነገር መጻፍ አቅቶኝ ነው።

የሚከተለውን ለመርማሪሽ ስጪያት። ፈቃዴ ያለፈበት ቢሆንም የቤተሰብ ምስክርነት ፈቃድ አይፈልግም።

«እኔ ሄስተር ስታዘር የዎልተር ስታዘር እኅት ነኝ። ወንድሜ ማንበብ አይችልም ነበር። ጥቂት ቃላት ይጽፍ ነበር፤ በፊደል ስህተት የተሞሉ ነበሩ። ብልህ ሰው ነበር። በ2005 ስለ ልጅ ልጁ ስለ ኪርስቲ በጻፍኩት ሪፖርት ላይ በቤተሰቡ ማንም የለም ያልኩት ውሸት ነው። ዝንባሌ ያልኩትም ውሸት ነው። ነጥቦቹ ትክክል ናቸው፤ ቃሉ ግን የኔ ፍርሃት ነው። ኪርስቲ ዲስሌክሲያ አለባት።»

ስድቡን ከፈለግሽ ላኪው። ይገባኛል።

ሄስተር


ሁል
ሜይ 27 ቀን 2017

ይደርስ ለአስክቴ ሄሰትር፣

ይሄን በእጂ ነው የጻፍኩት። ሰልኬን እናቴ ጋ አስቀመጥኩት። ከምሳ ጀሞሮ እስካሁን ፈጀብኝ።

ሪፖሪቱ መጣ። መርማሪዋ የእርሶን ወርቀት አነበበች ከዛ መነጽሯን አወለቀች። መጨርሻ ገጽ ላይ ኪርስቲ ስታዘር ዲስሌክሲያ አለባት ይላል። አራት ነጥብ። ይቺን ራሴ አነበብኳት። ማንም ሳያነብልኝ።

ቢሮው ግን እንደገና መለሰው። የመርማሪዋ የፍቃድ ቁጥር አንደኛ ገጽ ላይ የለም አሉ። አሥራ ሦሰተኛ ገጽ ላይ አለ እኮ! ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። ገንዘቡ የተፍቀደው ፈተናው ካለፈ ካሥር ቀን በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮሀ። በጣም ተናደድኩ እስካሁንም ንድድ ይለኛል። ዩንቨርሲቲው ግን በሪፖሪቱ ሰዓት ጨመረልኝ። አለፍኩ። በሦሰት ነጥብ።

አልሳደቦትም። አያቴ ሊያሳፍሮት ቢፈልግ ካርዱን ያሳይ ነበር። አላሳየም። ግን አልጣለውም። እኔ እንጃ አክስቴ። ሁለቱንም አስባለሁ።

አርብ ጁላይ 7 የዘነድሮውን የሆሰፒታል ሰራ እጨርሳለሁ። ሁል ይመጣሉ?

ኪርስቲ


ታቪራ
ጁን 2 ቀን 2017

የኔ ልጅ ኪርስቲ፣

ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፤ ዛሬውኑ እመልሳለሁ። የጠየቅሽኝ አንድ ነገር ነው፤ መልሱም አዎ ነው። አርብ ጁላይ 7 ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባቡር ጣቢያው እደርሳለሁ። አርሚንዶም ይመጣል፤ ቦርሳዬን እሱ ይይዘዋል።

ከሆስፒታሉ በር ልቀበልሽ። ከዚያ ከደከመሽ ወደ ቤት፣ ካልደከመሽ ግን ካርዱን ይዘሽ ወደ አሮጌው ወደብ ውሰጂኝ። መርከብ እንደማይገባበት አውቃለሁ። ትንሽ ዘግይቻለሁ ልል ነበር። ትንሽ አይደለም። ሃምሳ ስድስት ዓመት ዘግይቻለሁ።

ሄስተር